አክሲዮንና የቡና ውል መነገድ ቁማር ነውን?

ነገ ዋጋው ይውጣ ይውረድ ሳይታወቅ ገንዘብ ማፍሰስ ከቁማር በምን ይለያል? ይህን ጥያቄ አክሲዮን ለመግዛት ያሰበ ሰው ከቤተሰቡ፣ ቡና ላኪ ከባንኩ፣ ደላላም ከደንበኛው ደጋግሞ ይሰማዋል። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. በይፋ ከተከፈተና የወጋገን ባንክ አክሲዮን የመጀመሪያው ሆኖ ከተመዘገበበት ወዲህ ደግሞ ጥያቄው ከሻይ ቤት ጨዋታ አልፎ የኪስ ጉዳይ ሆኗል።

መልሱ “ነው” ወይም “አይደለም” ተብሎ በአንድ ቃል አይዘጋም። በአንድ ቀንና በአንድ ዋጋ የተፈረመ አንድ ዓይነት ውል ለአንዱ ነጋዴ ከቁማር መውጫ፣ ለሌላው ደግሞ ቁማር ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ የሚታወቀው በገበያው ስም ሳይሆን በሦስት ጥያቄዎች ነው፦ ሥጋቱ ከየት መጣ? ትርፉ ከማን ኪስ ይወጣል? የተሰለፈው ገንዘብስ የማን ነው?

ፍርድ ቤት የደረሰ ክርክር

ነገሩ ለሕግም ቀላል ሆኖ አያውቅም። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1845 ባወጣችው የቁማር ሕግ የውርርድ ውል በፍርድ ቤት እንዳይጠየቅ አድርጋ ነበር። ነገር ግን በዋጋ ልዩነት ላይ የተመሠረቱ የገበያ ውሎች ከዚህ ሕግ ነፃ መሆናቸውን በግልጽ የደነገገችው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይታ፣ እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣችው የፋይናንስ አገልግሎቶች ሕግ ነው። ፈረንሳይ በበኩሏ እ.ኤ.አ. በ1885 ባወጣችው ሕግ የከሰረ ነጋዴ “ውሉ ቁማር ነበርና አልከፍልም” እንዳይል በሩን ዘግታለች።

ትልቁ ክርክር የተካሄደው ግን በአሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1848 የተቋቋመው የቺካጎ የንግድ ቦርድ የስንዴና የበቆሎ ዋጋ በየደቂቃው በቴሌግራፍ ይሠራጭ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በየከተማው “ባኬት ሾፕ” የሚባሉ ቤቶች ተከፈቱ። ደንበኛው ገብቶ ጥቂት ዶላር በማስያዝ “ስንዴ ገዛሁ” ይላል፤ ትዕዛዙ ግን ወደ የትኛውም ገበያ አይሄድም። ዋጋው ከወጣ ቤቱ ይከፍለዋል፤ ከወረደ ያስያዘውን ይወስድበታል። የስንዴ ፍሬ የሚነካ የለም። ደንበኛው ሲከስር የሚያተርፈው ራሱ ቤቱ ነው።

የቺካጎው ቦርድ እነዚህ ቤቶች ዋጋውን እንዳይጠቀሙ ሲከስስ፣ ካንሳስ ሲቲ የነበረው ክሪስቲ የተባለው የእህልና የአክሲዮን ኩባንያ ያቀረበው መከላከያ የሚገርም ነበር። “እናንተም ዘንድ አብዛኛው ውል እህል ሳይረካከቡበት በሒሳብ ማቻቻል የሚዘጋ ስለሆነ ቁማርተኞች እናንተው ናችሁ” ሲል ተከራከረ። እ.ኤ.አ. በ1905 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዳኛ ኦሊቨር ዌንዴል ሆምስ ብዕር ለቦርዱ ፈረደ። የፍርዱ ፍሬ ሐሳብ እንዲህ ነው፦ ገዥው በያዘው ውል ላይ የሽያጭ ውል ጨምሮ ዕዳውን ማቻቻሉ ዕቃውን ከመረከብ አይለይም፤ ብዙዎቹ ውሎችም በእጃቸው እህል ያለ ነጋዴዎች ከዋጋ መዋዠቅ ራሳቸውን የሚጠብቁባቸው ናቸው። ዳኛው ይህን ብለውም አላበቁም፤ ችሎታ የሌለው ሰው ብርቱዎቹን አይቶ ሲገባ ራሱን ሊያጠፋ እንደሚችል አልሸሸጉም። ፍርዱ ዛሬም ቢነበብ አላረጀም።

ሥጋቱ ከየት መጣ?

የመጀመሪያው መለኪያ ይኸው ነው። ቁማር ከመጫወቻው በፊት ያልነበረ ሥጋት ይፈጥራል። ዳይሱ ባይወረወር ኖሮ ማንም አያገኝም፣ ማንም አያጣም። የቡና ዋጋ ግን ገበያ ኖረም አልኖረም ይወጣል፤ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በሰኔና በሐምሌ 1994 የብራዚልን ቡና ሁለት ጊዜ ውርጭ ሲመታው የኒውዮርክ ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2001 መጨረሻ ደግሞ አንድ ፓውንድ ዐረቢካ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወረደ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 እዚያው ገበያ ከ4 ዶላር በላይ ተሸጧል። ይህን ሥጋት የፈጠረው ደላላ አይደለም። ውርጭ፣ ድርቅና የምርት ብዛት የፈጠሩት ነው። ገበያው የሚያደርገው ሥጋቱን መሸከም ከማይፈልገው ወደሚፈልገው ማዛወር ነው።

በቁጥር እንየው። በኒውዮርክ ፊውቸርስ የሚባለው የወደፊት ርክክብ ውል አንዱ 37,500 ፓውንድ ቡና ነው። ይህም 17 ቶን ገደማ፣ ባለ 60 ኪሎ ጆንያ ቢቆጠር 283 ጆንያ ይሆናል፤ ከአንድ ኮንቴይነር ጭነት ጥቂት ያነሰ ማለት ነው። አንድ ነጋዴ ይህን ያህል ቡና ገዝቶ መጋዘን አስገብቷል እንበል። ዋጋው በፓውንድ 3 ዶላር ነው፤ ገዥ አግኝቶ የሚጭነው ግን ከሁለት ወር በኋላ ነው። በዚሁ ቀን በ3 ዶላር አንድ ውል በፊውቸርስ ገበያ ይሸጣል።

ከሁለት ወር በኋላ ዋጋው 2 ዶላር ከ60 ቢሆን በመጋዘኑ ቡና ላይ በፓውንድ 40 ሳንቲም፣ በድምሩ 15,000 ዶላር ያጣል። ነገር ግን በ3 ዶላር የሸጠውን ውል በ2 ዶላር ከ60 መልሶ ስለሚገዛ እዚያ ላይ 15,000 ዶላር ያተርፋል። ዋጋው ወደ 3 ዶላር ከ40 ቢወጣም ሒሳቡ ተገላብጦ ያው ነው፤ በቡናው ያተረፈውን በውሉ ይከፍላል። በሁለቱም መንገድ የሚቀረው የንግድ ሥራው ትርፍ፣ ማለትም የማዘጋጀት፣ የማጓጓዝና ገዥ የማግኘት ዋጋ ነው።

ታዲያ ከሁለቱ ነጋዴዎች ቁማርተኛው ማን ነው? ውሉን የፈረመው ወይስ ቡናውን መጋዘን ቆልፎበት “ይጨምራል” ብሎ የተቀመጠው? ብዙ ሰው ፈጥኖ የሚጠቁመው የመጀመሪያውን ነው። ሒሳቡ የሚለው ግን ሁለተኛውን ነው። እሱ በ17 ቶን ቡና ላይ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ተወራርዷል፤ ይህን የሚያደርገው በንግድ ስም ስለሆነ ብቻ ውርርድ አይመስለውም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። የአገር ውስጥ ቡና ዋጋና የኒውዮርክ ዋጋ ሁልጊዜ እኩል አይራመዱም፤ ስለዚህ መከላከያው ቀዳዳ አለው። በተጨማሪም ዋጋው ሲወጣ የውሉ ሻጭ ኪሳራውን የሚሸፍን ጥሬ ገንዘብ በየዕለቱ ማስያዝ ይጠበቅበታል፤ የቡናው ትርፍ ግን ወደ እጁ የሚገባው ቡናው ሲሸጥ ነው። በዚህ መሐል ገንዘብ ያለቀበት ነጋዴ ስሌቱ ትክክል ሆኖ ሳለ ሊወድቅ ይችላል። ሜታልገዜልሻፍት የተባለው የጀርመን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1993 ለደንበኞቹ የገባውን የነዳጅ አቅርቦት ግዴታ ለመከላከል በያዘው የፊውቸርስ ውል ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ያጣው በአመዛኙ በዚህ መንገድ ነው።

ትርፉ ከማን ኪስ ይወጣል?

ሁለተኛው መለኪያ ድምር ነው። ሎተሪ ሲሸጥ ከተሰበሰበው ገንዘብ የአዘጋጁ ድርሻ ይነሳል፤ ቀሪው ለዕጣ ይውላል። ስለዚህ ተጫዋቾቹ በአንድነት ሲደመሩ ሁልጊዜ ከሳሪ ናቸው። ፊውቸርስና የውጭ ምንዛሪ ላይ በዋጋ ልዩነት የሚደረገው ንግድ ደግሞ ዜሮ ድምር ነው። አንዱ ያገኘው አንድ ዶላር ሌላው ያጣው አንድ ዶላር ነው። የደላላ ክፍያና የግዥና የሽያጭ ዋጋ ልዩነት ሲቀነስ ድምሩ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ቡና ያለው ነጋዴ ይህን ወጪ እንደ መድን አረቦን ይከፍለዋል፤ ሥጋቱ ቀሎለታልና የገዛው ነገር አለ። ቡና የሌለው ሰው ግን ከሌሎች የተሻለ ካላወቀ በስተቀር የሚገዛው ነገር የለም።

አክሲዮን ከሁለቱም ይለያል። ባንኩ ያበድራል፤ ፋብሪካው ያመርታል፤ ከትርፉም ለባለአክሲዮኖች ይከፋፈላል። ለአንድ ዓመት ማንም አክሲዮኑን ባይሸጥና ባይለውጥ እንኳ ባለቤቶቹ የትርፍ ድርሻቸውን ይወስዳሉ። የሎተሪ ቲኬት ግን ዕጣው ካልወጣ ወረቀት ነው። አክሲዮን መያዝ በመሠረቱ ቁማር አይደለም የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። ድርጅቱ ሊከስር መቻሉ እንደ ማንኛውም ሱቅ የንግድ ሥጋት ነው።

ነገር ግን አክሲዮን መያዝና አክሲዮን ማገላበጥ አንድ አይደሉም። ዊሊያም ሻርፕ የተባሉት የኖቤል ተሸላሚ ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1991 እንዳሳዩት፣ ነገሩ ተራ ሒሳብ ነው። የሚያገላብጡት ሁሉ በአንድነት ከወጪ በፊት የሚያገኙት የገበያውን አማካይ ነው፤ ከወጪ በኋላ ደግሞ ከአማካዩ ያነሰ ነው። ብራድ ባርበርና ቴራንስ ኦዲን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የአንድ ደላላ ድርጅት ደንበኛ የሆኑ 66,465 ቤተሰቦችን ሒሳብ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1996 ድረስ መርምረው ነበር። ገበያው በዓመት በአማካይ 17 ነጥብ 9 በመቶ ሲያስገኝ፣ አብዝተው የገዙና የሸጡት ቤተሰቦች ያገኙት 11 ነጥብ 4 በመቶ ብቻ ነው። የገዙት አክሲዮን መጥፎ ሆኖ አይደለም። ትርፋቸውን የበላው መመላለሳቸው ነው።

ጠዋት ገዝቶ ማታ መሸጥ

በአንድ ቀን ውስጥ ገዝተው የሚሸጡት ዘንድ ስንደርስ ቁጥሩ ይከፋል። በታይዋን የተደረገ ጥናት ከወጪ በኋላ በተከታታይ ሊያተርፉ የቻሉት ከመቶ አንድ እንኳ እንደማይሞሉ አሳይቷል። በብራዚል እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2015 በአክሲዮን መለኪያ ፊውቸርስ ይህን ሥራ ከጀመሩት መካከል ከ300 ቀናት በላይ የጸኑት ሲመረመሩ 97 በመቶዎቹ ከስረዋል፤ ከአገሪቱ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል በላይ ያገኙት 1 ነጥብ 1 በመቶ ናቸው። የህንድ የካፒታል ገበያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ጥናት በሦስት የበጀት ዓመታት በአክሲዮን ፊውቸርስና ኦፕሽን ከነገዱት ግለሰቦች 93 በመቶው ከስረዋል፤ የኪሳራቸው ድምርም ከ1 ነጥብ 8 ትሪሊዮን ሩፒ በላይ ነው።

እዚህ ላይ “አዲስ የሚከፈት ሱቅም ብዙው ይዘጋል፤ ታዲያ ሱቅ መክፈትም ቁማር ነውን?” ተብሎ ሊጠየቅ ይችላል። ክርክሩ ተገቢ ነው። ልዩነቱ ግን ባለሱቁ በቆየ ቁጥር ደንበኛ ማፍራቱና ዕቃ አቅርቦ ጥቅም መስጠቱ ነው። በብራዚሉ ጥናት ግን መቆየት ትምህርት አልሆነም፤ ጸንተው የቆዩትም ከስረዋል። ልምድ ዕድሉን የማያሻሽልበት ሥራ ደግሞ ለቁማር ይቀርባል።

ገንዘቡ የማን ነው?

ሦስተኛው መለኪያ ብድር ነው። በኢንተርኔት የውጭ ምንዛሪ የሚያገበያዩ ድርጅቶች 1,000 ዶላር ላስያዘ ሰው የ100,000 ዶላር ግብይት ሲፈቅዱ ይታያል። በዚህ ስሌት ዋጋው በአንድ በመቶ ብቻ ወደማይፈለገው አቅጣጫ ቢሄድ የተያዘው ገንዘብ በሙሉ ያልቃል። የምንዛሪ ዋጋ በጥቂት ቀናት ውስጥ አንድ በመቶ መንቀሳቀሱ ደግሞ ብርቅ አይደለም። ነጋዴው ስለ ዶላርና ዩሮ የረጅም ጊዜ አቅጣጫ የገመተው ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ግን ግምቱ እስኪደርስ አይቆይም።

የአውሮፓ የሰነዶች ገበያ ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2018 እንዳስታወቀው በዋጋ ልዩነት ውል ከሚነግዱ ተራ ደንበኞች ሒሳብ ከ74 እስከ 89 በመቶው ኪሳራ ያሳያል። በዚሁ ዓመት በዋና ዋና ምንዛሪዎች ላይ የሚፈቀደውን ግብይት ከተያዘው ገንዘብ 30 እጥፍ እንዳይበልጥ ገደበ። “ዋጋው በዚህ ሰዓት ከዚህ በላይ ይሆናል ወይስ አይሆንም” በሚል ጥያቄ ላይ ብቻ የሚያርፈውን ባይናሪ ኦፕሽን ደግሞ ለተራ ደንበኛ እንዳይሸጥ ከለከለ። እስራኤል ድርጅቶች ይህንኑ ምርት ከግዛቷ ለውጭ ደንበኞች ጭምር እንዳይሸጡ በሕግ የከለከለችው ከዚያ ቀደም ብላ እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። በብሪታንያ እስከ 2018 መግቢያ ድረስ ባይናሪ ኦፕሽን የሚሸጡ ድርጅቶችን ይቆጣጠር የነበረው የፋይናንስ መሥሪያ ቤቱ ሳይሆን የቁማር ኮሚሽኑ እንደነበር ልብ ይሏል።

ከእነዚህ አሻሻጮች ብዙዎቹ የደንበኛውን ትዕዛዝ ወደ ገበያ ሳይልኩ ራሳቸው በተቃራኒው ወገን ይቆማሉ። ደንበኛው ያጣውን እነሱ ያገኛሉ። የድሮው ባኬት ሾፕ ከቴሌግራፍ ወደ ስልክ ተዛወረ እንጂ አሠራሩ አልተለወጠም። “ጠርጥር፣ ገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር” የሚባለው ለዚህ ነው።

የሌላ ሰው ገንዘብ ሲሆንስ? እ.ኤ.አ. በ1762 የተመሠረተው የእንግሊዙ ባሪንግስ ባንክ በሲንጋፖር ያሰማራው ኒክ ሊሰን የተሰጠው ሥራ አንዱን የጃፓን የአክሲዮን ፊውቸርስ በኦሳካና በሲንጋፖር መካከል በአንዱ ገዝቶ በሌላው ሸጦ ጥቃቅን ልዩነት መልቀም ነበር። ሁለቱ ወገኖች ስለሚቻቻሉ ሥጋቱ ትንሽ ነው። እሱ ግን በስውር ሒሳብ ዋጋው ይወጣል ብሎ አንድ ወገን ብቻ ይዞ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በጥር 1995 ኮቤን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ ገበያውን ሲያወርደው ኪሳራውን ለማካካስ ጨመረበት። ባንኩ 827 ሚሊዮን ፓውንድ ከስሮ ወደቀ፤ ለኔዘርላንዱ አይኤንጂም በአንድ ፓውንድ ተሸጠ። ውሉ ያው፣ ገበያው ያው ነበር። የተለወጠው አያያዙ ነው።

ቁማር ያልሆነ ሁሉ ንጹሕ አይደለም

ቁማር አይደለም ማለት ጉዳት የለውም ማለት እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1955 ቪንሰንት ኮሱጋና ሳም ሲገል የተባሉ ሁለት ነጋዴዎች በቺካጎ የነበረውን ሽንኩርት ጠቅልለው ለመያዝ ምንም ያህል አልቀራቸውም ነበር። ቀጥሎም ዋጋው ሲወርድ የሚያተርፉበትን ውል ይዘው ሽንኩርቱን ገበያው ላይ አፈሰሱት። ዋጋው ከመውረዱ ብዛት ሽንኩርቱ ከያዘው ከረጢት ረከሰ፤ ገበሬዎች ከሰሩ። ኮንግረሱ እ.ኤ.አ. በ1958 የሽንኩርት ፊውቸርስን በሕግ ከለከለ፤ ክልከላው ዛሬም አለ። ሁለቱ ሰዎች ዕድል አልሞከሩም፤ ዳይሱን ራሳቸው ነበር የያዙት። ገበያ ተቆጣጣሪ የሚያስፈልገው ከቁማርተኛው ይልቅ ለእንዲህ ያለው ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ

በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ግብይት የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የተመሠረተው መጋዘን ገብቶ ደረጃ በወጣለት ምርት ላይ ነው። ሻጩ ያለውን ይሸጣል፤ ገዥው የከፈለበትን ይረከባል። እንዲህ ያለው የእጅ በእጅ ግብይት ከባኬት ሾፕ የራቀ ነው፤ የወደፊቱን የዋጋ ሥጋት ግን አያዛውርም። ስለዚህ ቡናም ሆነ ሰሊጥ አቆይቶ የሚሸጥ ነጋዴ ሥጋቱን በትከሻው ይዞ ያድራል። የሚቀንሰውም በቁርጥ ዋጋ ቀድሞ በመሸጥ፣ የክምችቱን ጊዜ በማሳጠር፣ አንድ ጊዜ ከመጫን ይልቅ ከፋፍሎ በመሸጥ ነው።

አክሲዮንን በተመለከተ በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በብሔራዊ ባንክ ጥላ ሥር የተጀመረው የአዲስ አበባ አክሲዮን ግብይት በአብዮቱ ከተቋረጠ በኋላ፣ ለብዙ ዓመታት አክሲዮን ሲባል ገዝቶ ትርፍ ድርሻ መጠበቅ ማለት ነበር። አሁን በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 መሠረት ባለሥልጣንም ገበያም አለ። ይህ በፈለጉ ጊዜ ሸጦ ለመውጣት ያመቻል። ሆኖም የተመዘገቡት ድርጅቶች ጥቂት በሆኑበት ገበያ ጥቂት ግብይት ዋጋውን ሊያነቃንቀው ይችላል። አንድ ወረቀት በእጥፍ ዋጋ የሚገዛው የባንኩ ትርፍ ተሰልቶ ከሆነ ኢንቨስትመንት ነው። “ከእኔ የሚገዛኝ አላጣም” ተብሎ ብቻ ከሆነ ግን የኋለኛው ሰው ላይ የተደረገ ውርርድ ነው።

ከመፈረምዎ በፊት

እንግዲህ ማንኛውንም የገበያ ወረቀት ወይም ውል ሲቀርብልዎ እነዚህን ይጠይቁ፦

አንደኛ፣ ሥጋቱ እኔ ከመምጣቴ በፊት ነበረኝ? በመጋዘንዎ ቡና ካለ ውሉ ሥጋት ያቀልልዎታል፤ ከሌለ አዲስ ሥጋት ገዝተዋል።

ሁለተኛ፣ ማንም መልሶ ባይገዛኝ ይህ ነገር በራሱ ገቢ ያስገኛል? የማያስገኝ ከሆነ ትርፍዎ የሌላ ሰው ኪሳራ ነው።

ሦስተኛ፣ በተቃራኒው የቆመው ማን ነው? አሻሻጩ ራሱ ከሆነ መካሪዎ ሊሆን አይችልም።

አራተኛ፣ በዓመት ስንት ጊዜ እገዛለሁ፣ እሸጣለሁ? የእያንዳንዱን ምልልስ ወጪ ደምረው ከሚጠብቁት ትርፍ ጋር ያስተያዩ።

አምስተኛ፣ ዋጋው ለስድስት ወር ተቃራኒዬ ቢሄድ ቤቴን፣ ሱቄንና ዕዳዬን ሳልነካ መቆየት እችላለሁ? አልችልም ካሉ፣ ግምትዎ የቱንም ያህል ትክክል ቢሆን ገበያው ሳይሆን እርስዎ ነዎት የሚቆምሩት።

ለደላሎችም አንድ ቃል እንጨምር። ደንበኛ ሲገላበጥ ኮሚሽን ይበዛል፤ የደንበኛው ወረት ግን ያልቃል። ወረቱ ያለቀ ደንበኛ ደግሞ ለደላላውም አይበጅም።